ካርቶን የሌለው ጠረጴዛ

በሰፈሩ ጋሽ ይበቃልን የማይወድ ሰው አልነበረም። እናቱ ያወጣችለት ስም ይህ አይደለም፤ እውነተኛ ስሙን ግን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። አናጢ ነው። ሥራውን ሲጨርስ መጋዙን ያስቀምጣል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ እቃውን ያየዋል፣ ከዚያ "ይበቃል" ይላል። አንገቱን የሚያዘምመው ከልማድ ነው የሚሉ አሉ። ጠረጴዛዎቹ ቀጥ ብለው የሚታዩት እንደዚያ ሲታዩ ብቻ ስለሆነ ነው የሚሉም አልጠፉም።

ሰነፍ ነበር ማለት ግን አይደለም። ሰነፍማ ይዘገያል። ጋሽ ይበቃል ዘግይቶ አያውቅም። ለሐሙስ የተባለ ቁምሳጥን ሐሙስ ይደርሳል፤ በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋ ይሆናል፣ ግን ሐሙስ ይደርሳል። ደንበኞቹ ይመርቁታል፤ "እሱ እኮ ቃሉን አያጥፍም" ይሉታል። ከአናጢ ሰው የሚጠብቀው ቃል ነው ወይስ ጠረጴዛ የሚለውን ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም።

የሚሠራበት ወርክሾፕ ባለቤት፣ አሠሪው፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። እዚያ ቤት የቆየ ወግ አለ፦ ጠረጴዛ ሲሸጥ የታጠፈ ካርቶን በነፃ ይመረቅለታል። አራት እግር ያለው ነገር ሁሉ ከዚያ ቤት ሲወጣ አንዱ እግሩ ማጠሩ ስለማይቀር፣ ካርቶኑ እዚያ ሥር ይወሸቃል። ለወንበር ሁለት እጥፍ፣ ለምግብ ጠረጴዛ ሦስት እጥፍ፣ ለአልጋ የጫማ ካርቶን ክዳን እንዳለ። ማንም አያፍርበትም። ደንበኛውም ከፍሎ ሲወጣ "ካርቶኔስ?" ይላል፤ ከተረሳ ተናዶ ይመለሳል። ጋሽ ይበቃል ታዲያ በካርቶን አጣጠፍ አቻ የለውም። የኮቱ ኪስ ምንጊዜም ከሱ ባዶ አይሆንም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲሄድ፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት ጠረጴዛውን በመዳፉ ነካ ያደርጋል፤ ከተነቃነቀ ጎንበስ ብሎ አንድ ይሸጉጥለታል። ለእሱ ይህ ጨዋነት ነው።

የራሱ ቤት ጠረጴዛ ትዳር ሲይዝ የሠራው ነው። ሚስቱ ሾርባ ስታቀርብ የእሱን ሳህን ሁልጊዜ ጎደል ታደርገዋለች፤ በእሱ በኩል ይፈሳላ! አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው። ልጅቷም ከአባቷ የተማረችው የመጀመሪያ ሙያ ካርቶን ማጠፍ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ትገባና የተጨፈለቀውን አውጥታ አዲስ ትወሽቃለች፤ ጠርዙ እንዳይታይ ወደ ውስጥ መለስ አድርጋ። ከዚያ እዚያው ሆና "አባዬ፣ እስቲ ነካ አድርገው!" ትላለች። ነካ ያደርገዋል። "ይበቃል!" ይላል። እሷ ትስቃለች። በዚያ ቤት ከነበሩት ደስታዎች አንዱ ይህ ነበር፤ ቀልድ አይደለም።

ልጅ ያድጋል። አደገች፣ አገባች፣ ወለሉ ሊሾ የሆነ የኪራይ ቤት ገባች። ባሏ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ሲናገር እንኳ እንደ ኪኒን እየቆጠረ የሚሰጥ፣ ትሁት ሰው ነው። ጋሽ ይበቃል "አባዬ፣ ጠረጴዛ ሥራልኝ" እስክትለው ይጠብቅ ነበር። ጣውላውን በልቡ መርጧል። ካርቶኑን እንኳ መርጧል፤ ወፍራም፣ የቴሌቪዥን። እሷ ግን ሳትናገር ቆየች፤ ቤቱን ለማየት ሲሄዱ ጠረጴዛ ተገዝቶ ቆሟል።

ተቀመጠ። ቀኝ እጁ እንደልማዷ ጠረጴዛው ላይ አረፈች፤ ግራ እጁ ኪሱ ገባች። ነካ አደረገው። ዝም። ጫን አለው። ዝም። ሻዩ ሲመጣ ቦታ የሚለቅ መስሎ በክርኑ ደገፍ አለበት። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ግራ እጁ ካርቶኑን እንደያዘች ኪስ ውስጥ ቀረች።

ልጁ አየችው። "እንዳላደክምህ ብዬ እኮ ነው አባዬ" አለች።

"ኧረ ምን አለበት! ቆንጆ ነው፤ በጣም ቆንጆ ነው" አለ። ሻዩን ስኳር ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ጠጣው።

ሲመለሱ ሚስቱ ከጎኑ እየሄደች "ዝም አልክሳ" አለችው።

"ምን ላውራ?"

"ጠረጴዛው ነው አይደል?"

"የምን ጠረጴዛ?"

"ጠረጴዛው ነው" አለች ሚስቱ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሾርባው ወደ እሱ ሲያዘም አየው። ለዓመታት ሲያዘም ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያህል ማንኪያውን አስቀምጦ ተመለከተው። እውነቱን ለመናገር አፈረ። የገዛ ልጁ፣ በእሱ እንጨት ላይ ፊደል የቆጠረች ልጅ፣ የምትበላበትን ከማያውቀው ሰው ገዛች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን አዘነችለት።

"ለልጄ ጠረጴዛ እሠራላታለሁ" አለ።

"አላት እኮ" አለች ሚስቱ።

"የሚቆም።"

"እሱስ ቆሟል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ይበቃል ተለወጠ፤ ሰው ሁሉ ታመመ እንጂ ተለወጠ አላለም። ጣውላ ሲመርጥ እያገላበጠ ያንኳኳል፤ በዓይኑ እያነጣጠረ ይጥላል። አንድ እግር ለመላግ የሚፈጅበት ጊዜ ድሮ አልጋ ይጨርስበት ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ በመዳፉ ይዳብሳል፣ ደግሞ ይፈትጋል። የሥራ ባልደረቦቹ "ምነው፣ ልታገባው ነው?" እያሉ ሳቁበት። አሠሪው ግን አልሳቀም። በሰዓት የማይሠራ አናጢ አሠሪን አያስቅም።

"የደንበኛ ሥራ እየዘገየ ነው" አለው።

"ይደርሳል ጋሼ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

"ዕድሜህን ሙሉ ስትሮጥ የታጠቅክ ሰው ዛሬ ትተርትብኛለህ?"

እውነት ነዋ። አንገቱን ደፍቶ መላጉን ቀጠለ። የደንበኞቹን ሥራ ጠዋት ጠዋት ያደርሳል፣ የልጁን ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ ይይዛል፤ ይህችን አሠሪው እያጉረመረመም ቢሆን ፈቀደለት።

ጠረጴዛው አለቀ። ነካ አደረገው፤ ቀጥ። ተደገፈበት፤ ቀጥ። አሠሪው ራሱ መጥቶ በወገቡ ገፋ አደረገውና ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አንድ በአንድ አየ። "ካርቶኑ የታለ?" አለ። "የለውም።" "ታዲያ ምን አቆመው?" ሠራተኞቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ በዚያ ቤት ታይቶ የማይታወቀውን ያለካርቶን የቆመ ጠረጴዛ ተመለከቱ። ጋሽ ይበቃል ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ቫርኒሹ ፀሐይ እንዲያገኘው ብለው አንስተው በሩ አጠገብ አኖሩት።

በኩራት አንዴ ነካ ቢያደርገው፣ ጠረጴዛው ተነቃንቆ ቀጭ ቋ አለ።

ወደ ቦታው መለሱት፤ ቀጥ። በሩ አጠገብ አኖሩት፤ ቀጭ ቋ። ደግመው መለሱት። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ይበቃል መሬት ላይ በደረቱ ተኛና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወለሉን አየ። ወለሉ እሱ በሚሠራበት ጥግ ገባ ብሏል፤ ሌላው አናጢ ዘንድ አበጥ ብሏል፤ መሃል ላይ የበሬ ጀርባ ይመስላል። እያንዳንዱ አናጢ እግሮቹን ሲቆርጥ የኖረው ከራሱ ጉድጓድ ጋር እያስማማ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቤት የሚወጣ ጠረጴዛ ሁሉ ልክ የሚሆነው በተወለደበት ቦታ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ውሃ ልክ ነበራቸው፤ ውሃው ደርቆ አልቋል፣ አሁን ኮት ይሰቀልበታል።

"ወለሉ ነው!" አለ እየተነሳ። "ጠማማው ወለሉ ነው! እግሩን በከንቱ ስናማ ኖርን።"

"እና?" አለ አሠሪው።

"እናማ ወለሉን እናስተካክል።"

"እኔ የምሸጠው ወለል ነው እንዴ? ጠረጴዛ ነው የምሸጠው። ሰው ካርቶኑን ለምዶታል፤ ወዶታልም። ይልቅ አንድ ሦስት እጥፍ አድርግበትና ይበቃል በል። ይህን ቃል ያስተማርከን አንተው አይደለህ?"

ጋሽ ይበቃል አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሳይጠራ ሲመጣ የኖረ ቃል ነው። ያን ቀን ግን አልወጣም።

በሰፈሩ ለጥ ያለ ነገር ፍለጋ ዞረ። የሻይ ቤቱ ወለል ያዘማል፤ የቀበሌው አዳራሽ ወለል ተሰነጣጥቋል፤ የራሱን ቤትማ አንሱት አይባልም። በመጨረሻ ያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከወርክሾፑ በታች ያለው ሐውልት ጠራቢ ዘንድ። ጠራቢው የመቃብር ድንጋይ ነው የሚሠራው። ግቢው ውስጥ አንድ ሰፊ እብነ በረድ ተጋድሟል፤ አንድ ሀብታም ነጋዴ በቁሙ፣ ወራሾቹን ስላላመነ፣ አስቀድሞ ያዘዘው ነው። ጋሽ ይበቃል መዳፉን አሳለፈበት። እንደ ረጋ ውሃ ነው።

"እንዴት ነው እንዲህ የምታስተካክለው?" አለ።

"በትዕግሥት ነዋ።"

"ደንበኞችህ አያዩት፣ አያማርሩ። ማን ይጠይቅሃል ብለህ ነው?"

ጠራቢው አቧራውን ከቅንድቡ አራገፈ። "ወንድሜ፣ አንተ ካርቶን ትወሽቃለህ። እኔ ብወሽቅ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ምርጫ ስላጣሁ ነው እንጂ የኔ ነገር ከጉብዝና አይደለም።"

ጋሽ ይበቃል ይህን ሲሰማ ሰውየውን ወደደው። ጠረጴዛውን አስጭኖ አመጣና የነጋዴው የመቃብር ድንጋይ ላይ አቆመው። ተነቃነቀ፤ የሚጠበቅ ነው። የድንጋዩን ብናኝ እብነ በረዱ ላይ ቀባ ቀባ እያደረገ፣ የትኛው እግር እንደነጣ፣ የትኛው እንዳልነጣ እያየ፣ ቅጠል በማያክል ልክ ይልግ ጀመር። ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ወደዚያው ነው። ይልጋል፣ ያቆማል፣ ወረቀት በእግሮቹ ሥር ሊያስገባ ይሞክራል። ወረቀቱ ከገባ እንደገና ነው።

ሰፈር ደግሞ ዓይን አለው፤ ከዓይኑ አፉ ይበልጣል። ጋሽ ይበቃል ሥራ ማዘግየት መጀመሩን ያየ ሰው ሁሉ፣ ከሐውልት ጠራቢው ግቢ እንደማይጠፋም አየ። የመቃብሩን ድንጋይ እየዳበሰ ለብቻው ሲያወራ የሰማውም አለ። ሁለቱን ደምሮ የቀረውን ራሱ ጨመረበት።

አንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን?"

"በሽታህን! ሰው ሁሉ አውቆት እኔ በመጨረሻ ልስማ? ድንጋይ አዘሃል አሉ። ያውም እብነ በረድ! ለቁምህ አንድ ደህና ወንበር ሳትሠራ..."

"አንቺ ሴትዮ፣ ጠረጴዛ ነው እኮ የማስተካክለው!"

"መቃብር ላይ?"

"ሌላ ቀጥ ያለ ነገር ጠፋ!"

ለረጅም ጊዜ አየችው። ጤነኛ መሆኑን ስትረዳ እፎይ አለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ተናደደች። "ከዚህስ ብትታመም ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ መድኃኒት አለው" አለችና ሾርባውን አቀረበች። ሳህኑን ግን ያን ቀን ሞልታ ነው የሰጠችው። በእሱ በኩል ፈሰሰ።

ከብዙ መላግ በኋላ ወረቀቱ በየትኛውም እግር ሥር አልገባ አለ። ሐውልት ጠራቢው መጥቶ ተደገፈበት፤ እንዲያውም ወጥቶ ቆመበት። "ነጋዴው ካየው ድንጋዩን ትቶ በዚህ ቅበሩኝ ይላል" አለ። ጋሽ ይበቃል በዚያ ምስጋና ተደሰተ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ጠረጴዛውን ሲያየው፣ አንገቱን ማዘመም እንደረሳ ልብ አላለም።

አንድ እሑድ ጠረጴዛው በጋሪ ተጭኖ ልጁ ቤት ደረሰ። ሚስቱ ከኋላ ከኋላ እየሄደች ለጠየቃት ሁሉ "ደህና ነው፣ ምንም የለበትም፣ ጠረጴዛ ነው" እያለች መልስ ትሰጣለች። የልጁ ባል በአንድ በኩል ይዞ አስገባው። የተገዛውን ጠረጴዛ አንስተው ወደ ግድግዳው አስጠጉ፤ በቦታው አዲሱን አቆሙ። ቤቱ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ሸተተ።

"ነካ አድርጊው" አለ ጋሽ ይበቃል።

ልጁ መዳፏን አሳረፈችበት።

ቀጭ ቋ።

እሷ መዳፏን ያነሳችው ጠረጴዛው የተኛ ሕፃን ይመስል ቀስ ብላ ነው። የልጁ ባል ጉሮሮውን ጠረገና "ትንሽ ነገር እኮ ናት አባባ። ሦስት እጥፍ ካርቶን ቢገባባት..." አለ።

ጋሽ ይበቃል ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። የተገዛው ጠረጴዛ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ሊሾው ላይ የተለጠፈች ነገር አየ። ጎንበስ ብሎ አነሳት። የታጠፈች ካርቶን ናት። ሦስት እጥፍ፤ ጠርዟ እንዳይታይ ወደ ውስጥ የተመለሰ። ይህን አጣጠፍ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ቀን ጎንበስ ብሎ አለማየቱ ታወሰው፤ ያልተነቃነቀ ጠረጴዛ ሥር ማን ጎንበስ ይላል?

"ይሄም ይነቃነቅ ነበር?" አለ።

"ወለሉ እኮ ጠማማ ነው አባዬ። እዚህ ቤት የማይነቃነቅ ነገር የለም።"

"መነቃነቁ ላይቀር ለምን እኔን አላሠራሽኝም ታዲያ?"

ልጅቷ መልሱን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ከያዘችው ቆይታለች። "የገዛሁት ሲነቃነቅ ሻጩን እሰድበዋለሁ፤ ይወጣልኛል። ያንተ ሲነቃነቅ ማንን ልስደብ?" አለች።

ይህች አነጋገር ከሰማው ወቀሳ ሁሉ ከበደችው። ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። የመሣሪያ ቦርሳው እግሩ ሥር ነው። መጋዙም መላጊያውም አሉ። አንዱን እግር ትንሽ ቢነካው ጠረጴዛው እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ቦታ ላይ፣ አሁኑኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌላ ቤት ቢከራዩ ግን ያ እግር አጭር ነው። ማንስ ያውቅበታል? እጁ ወደ ቦርሳው ሄደች።

"ቁረጠውና ይለቅልን" አለች ሚስቱ። "ሻይም አልቀረበም።"

እጁ መጋዙን አልፋ መዶሻና መሮ ይዛ ወጣች።

"ጠረጴዛው ልክ ነው" አለ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።" ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ፤ ከኪሱ ካርቶኖቹ ተንሸራተው ወደቁ፤ አላነሳቸውም። ጠረጴዛውን ገፋ አደረገና ተንበርክኮ ወለሉን በመዶሻው እጀታ ያንኳኳ ጀመር።

"አባባ፣ ወለሉ እኮ የአከራዩ ነው" አለ የልጁ ባል።

"ይመርቀኛል።"

"ቢጣላንስ?"

"ቢጣላችሁ ሌላ ቤት ትከራያላችሁ። ጠረጴዛው እንደሆነ የትም ይቆማል፤ ወለሉ ልክ ይሁን እንጂ።"

የመጀመሪያዋ የሊሾ ስባሪ ብድግ አለች። ሚስቱ ሻይ እንደማይኖር ስለገባት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወንበሩም ቀጭ ቋ አለ። "እና መቼ ነው የሚያልቀው?" አለች።

ለሐሙስ ያለውን ሐሙስ የሚያደርሰው፣ ሰፈሩ በሙሉ በቀጠሮ አክባሪነቱ የሚምልበት ሰው፣ ቀና ብሎ አያትና "እንጃ" አለ።

ልጁ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ድሮ ጠረጴዛ ሥር ሆና ስትስቅ የነበረውን ሳቅ። ከዚያ ካርቶኗን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። እጥፋቷን አንድ በአንድ ዘረጋችው፣ በመዳፏ አስተካከለችው፣ ጎንበስ ብላ ወደ አባቷ ጉልበት አስጠጋችው።

"ጉልበትህን አባዬ" አለችው።

ጉልበቱን አነሳላት፤ መልሶ ተንበረከከና ሥራውን ቀጠለ።